የታገደ ሒሳብና የዘመኑ ደጅ ጥናት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርት መርሐ ግብር በደብረ ታቦር ከቀረበ ንግግር፣ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ድረስ ይህን ንግግር ለመስማት የመጣችሁ እንዳላችሁ ተነግሮኛል። እናንተን በማሰብ ንግግሬን ከሕጉ ሳይሆን ከቃሉ እጀምራለሁ። በአገራችን ገንዘቡን በስልኩ የሚያንቀሳቅስ ሰው አንድ ቀን ገንዘቡ አልንቀሳቀስ ሲለው «ሒሳቤ ተዘጋ» ይላል። የሚስጥር ቁጥሩን የረሳውም፣ የዕለት ገደቡን የጨረሰውም፣ በማጭበርበር የተጠረጠረውም፣ ፍርድ ቤት ያሳገደበትም ሁሉ «ተዘጋብኝ» ነው የሚለው። ለአራት ልዩ ልዩ በሽታዎች አንድ ስም ብቻ ካለን መድኃኒቱን በዘፈቀደ መፈለጋችን አይቀርም። የብዙ ሰው እንግልት የሚጀምረውም በዚሁ ነው።

እንለያቸው። የመጀመሪያው መቆለፍ ነው። የሚስጥር ቁጥር ደጋግሞ ሲሳሳት ሥርዓቱ በሩን ይቆልፋል፤ ይህ ለባለቤቱ ጥበቃ ሲባል የተደረገ ስለሆነ መታወቂያ ይዞ በመቅረብ ይፈታል። ሁለተኛው መገደብ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የክፍያ መሣሪያ አውጪዎችን ፈቃድ በሚመለከት በ2012 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ሒሳቦችን በደረጃ ከፍሏል፤ ደንበኛው ስለራሱ ያቀረበው ማስረጃ ባነሰ መጠን ሒሳቡ የሚይዘውና የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብም ያንሳል። በዚህ ምክንያት ገንዘቡ ያልተላለፈለት ሰው አልታገደም፤ ማስረጃውን አሟልቶ ደረጃውን ማሳደግ ብቻ ይጠበቅበታል። ሦስተኛው ተቋሙ በራሱ ጥርጣሬ የሚያደርገው እገዳ ነው። አራተኛው ከፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ካለው መርማሪ አካል የሚመጣ እግድ ሲሆን፣ በዚህኛው የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ቢፈልግም ምንም ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ ለአገልግሎት ሰጪው ስትደውሉ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት «ለምን ተዘጋብኝ?» ሳይሆን «ከአራቱ የትኛው ነው?» መሆን አለበት። የመጀመሪያው ጥያቄ «እየታየ ነው» የሚል መልስ ያስገኛል፤ የሁለተኛው መልስ ወዴት መሄድ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ዛሬ በስፋት ላስረዳ የምፈልገው ሦስተኛውን ነው፤ ሰውን የሚያስለቅሰው እርሱ ስለሆነ።

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ዛሬ የተመዝጋቢዎቹ ቁጥር ከ50 ሚሊዮን በላይ ነው። የሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተከተለ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቢኢ ብር ደግሞ ከሁለቱም በፊት ነበር። ለአካባቢያችን ግን የስልክ ገንዘብ ከዚህም ይቀድማል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች ናቸው፤ በክልላችን የፕሮግራሙን ክፍያ ኤሌክትሮኒክ ለማድረግ አብቁተ፣ ማለትም የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ ኤም-ብር በተባለው ሥርዓት ሠርቷል። በብዙ አገሮች የስልክ ገንዘብን ቀድሞ የያዘው የከተማ ነጋዴ ነው። እዚህ ግን ለብዙ ገጠሬ ትውውቁ የመጣው ከእርዳታ ክፍያ ጋር ነው። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለሴፍቲኔት ተጠቃሚ የአንድ ወር ክፍያ መታገድ ማለት የዚያን ወር እህል ማጣት ነው።

ተቋማት ለምን ያግዳሉ? ግዴታ አለባቸው። በወንጀል ድርጊት የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከል የወጣው አዋጅ የገንዘብ ተቋማት ደንበኞቻቸውን እንዲያውቁ፣ የሚያጠራጥር ዝውውር ሲያዩም ለሚመለከተው የመንግሥት አካል እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። አገራችን ከየካቲት 2009 እስከ ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ድረስ ፋይናንስ አክሽን ታስክ ፎርስ የተባለው ዓለም አቀፍ አካል በቅርብ በሚከታተላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ነበረች። ያ ዝርዝር በውጭ አገር ባንክ ዓይን ከኢትዮጵያ የሚነሣንና ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣን ገንዘብ ሁሉ ሁለት ጊዜ የሚታይ ያደርገዋል። ስለዚህ ጥንቃቄው የመጣው ከሠራተኞች ክፋት አይደለም።

ጥንቃቄው ከንቱ እንዳልሆነም እናውቃለን። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በዋዜማው ሌሊት የንግድ ባንክ ሥርዓት ተበላሽቶ ደንበኞች ከሌላቸው ገንዘብ ላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አድረዋል። ባንኩ ያለአግባብ ተወሰደ ያለው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር፤ አብዛኛው ተመልሷል፤ ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በይፋ ወጥቷል። በዚያ ሌሊት ከወጡት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለነበሩ በየግቢው ማስታወቂያ ሲለጠፍ አይታችኋል። ሒሳብን ወዲያው ማቆም መቻል ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጉዳይ እንግባ። የሚጠረጥረው በአብዛኛው ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው። ማሽኑ የሚያውቀው መደበኛ የሆነውንና ከመደበኛው የወጣውን ነው። የእኛ ሕይወት ደግሞ በብዙ ነገሩ ከማሽኑ መደበኛ ውጭ ነው። ጥቂት ምሳሌ ላቅርብ።

በየክረምቱ ከደቡብ ጎንደር ቆላና ደጋ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርድ ወጣት ብዙ ነው። ሥራው ሲያልቅ ስልክ ያለው አንዱ ልጅ የስምንትና የዐሥር ጓደኞቹን ደመወዝ በራሱ ስልክ ይቀበላል፤ በማግሥቱ ለየወላጆቻቸው ያከፋፍላል። በእኛ ዓይን ይህ ልጅ የታመነ ነው። በማሽኑ ዓይን ግን ለወራት ጸጥ ብሎ የቆየ ሒሳብ በድንገት ከማይታወቅ ቦታ ብዙ ገንዘብ ተቀብሎ በአንድ ቀን ለዐሥር ሰዎች በተነ፤ የማጭበርበር ሰንሰለትም የሚታወቀው በዚሁ መልክ ነው። እቁብ ሰብሳቢም እንዲሁ ነው። ለልቅሶ የእድር ገንዘብ የሚያሰባስብ ጸሐፊም እንዲሁ ነው።

የስልክ መስመሩ ባለቤትነትም ሌላ ጣጣ አለው። አንዲት የወገዳ አሮጊት የያዙት ስልክ መስመሩ የወጣው መካነ ኢየሱስ በሚማር ልጃቸው ስም ይሆናል። አገልግሎቱ እስከ ሠራ ድረስ የሚጠይቅ የለም። የታገደ ቀን ግን የሚጠራው በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። ልጁ ዐረብ አገር ሄዶ እንደሆነ እናትየው በገዛ ገንዘባቸው ላይ ባዕድ ይሆናሉ።

ከሁሉ የሚከፋው የስም ነገር ነው። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው። አንዱ መዝጋቢ ሦስቱን ይጽፋል፣ ሌላው ሁለቱን። ወደ ላቲን ፊደል ሲሻገር ደግሞ መከራው ይበዛል፤ «ፀሐይ» የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በቲና ኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ ይጀምረዋል፤ መጨረሻውን አንዱ በዋይ፣ ሌላው በአይ ይዘጋዋል። ለሰው አንዲት ሴት ናት፤ ለማሽን አራት ሴቶች። በራሱ በግእዝ ፊደላችንም ቢሆን በፀሐዩ «ፀ» እና በጸሎቱ «ጸ» መካከል ለማሽን ሰፊ ልዩነት አለ። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። መታወቂያው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላል፤ ማመልከቻው በአውሮፓ አቆጣጠር ይጠይቃል፤ ጸሐፊው ሳይለውጥ ቢገለብጠው የሠላሳ ዓመቱ ሰው ወደ ሠላሳ ስምንት ዓመት ገደማ ያድጋል። በጳጉሜን የተወለደ ሰው ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ በሚያውቅ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም። (በዚህ የሚስቅ ሰው አያለሁ፤ በጳጉሜን የተወለደ ግን አይስቅም።)

የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው ይህን ለማስተካከል ነው። የፋይዳ ቁጥር የስም አጻጻፍ ቢለያይም ሰውየው አንድ መሆኑን ያሳያል፤ ብሔራዊ ባንክም ለባንክ አገልግሎት ፋይዳን ደረጃ በደረጃ አስገዳጅ አድርጎታል። መልካም ነው እላለሁ፤ ነገር ግን ፋይዳ ላይ በስሕተት የተመዘገበ ስም ስሕተቱን በየባንኩ ሁሉ ያባዛዋል። ስለዚህ ስትመዘገቡ ከማያ ገጹ ላይ ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን ራሳችሁ አንብቡ፤ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆቻችሁም አንብቡላቸው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተሳሳተ መረጃ እንዲታረም የመጠየቅ መብት ሰጥቷችኋል፤ ይህን መብት የሚጠቀምበት ሰው ግን እምብዛም አላየሁም።

እኔም ይህ ደርሶብኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የውጭ አገር የክፍያ ድርጅት በኩል ለሠራሁት የሙያ ሥራ ክፍያ ስቀበል ሒሳቤ ተገደበ። ድርጅቱ የፈለገው በስሜ የተጻፈ የመብራት ወይም የውኃ ደረሰኝ ነበር፤ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ያለበት። እኔ የምኖረው ተከራይቼ ነው፤ የመብራቱ ቆጣሪ በአከራዬ ስም፣ ያውም በሟች አባታቸው ስም ነው። የምኖርበት መንገድ ስም የለውም። የቀበሌ የነዋሪነት ደብዳቤ በማኅተም አስደግፌ ላክሁ፤ «ሰነዱ ሊነበብ አልቻለም» የሚል መልስ መጣ። አስተርጉሜ ላክሁ፤ ያው መልስ በሌላ ስም ተፈርሞ መጣ። በአምስተኛው ደብዳቤ ላይ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ከእኔ ጋር የሚጻጻፈው ሰው የእኔን ደብዳቤ የማንበብ ሳይሆን ከተዘጋጁ መልሶች አንዱን የመምረጥ ሥራ እንዳለው ነበር። የቀበሌውን ደብዳቤ ትቼ የባንክ ሒሳብ መግለጫ በእንግሊዝኛ ከማኅተም ጋር ባወጣሁ ጊዜ በሦስት ቀን ተፈታ። የመግለጫው ይዘት ከቀበሌው ደብዳቤ የበለጠ ነገር አልነበረውም። በድርጅቱ ዝርዝር ውስጥ ግን «የባንክ መግለጫ» የሚል ሳጥን ነበረ፤ «የቀበሌ ደብዳቤ» የሚል ሳጥን አልነበረም።

በነገራችን ላይ ፔይፓልን የመሰሉ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በውላቸው ውስጥ የተገደበን ሒሳብ ገንዘብ እስከ 180 ቀን ድረስ የመያዝ መብት ጽፈዋል። ያንን ውል «እስማማለሁ» ብለን ስንጫን ግማሽ ዓመት ልንጠብቅ እንደምንችል ፈርመናል ማለት ነው። በሩቅ ሥራ ገቢ ለምታገኙ ወጣቶች ምክሬ ይህ ነው፤ የመጣላችሁን ገንዘብ በዚያ አታከማቹ፤ በየጊዜው ወደ አገር ቤት ባንካችሁ አውርዱት።

የደንበኞች አገልግሎት ለምን መልስ አይሰጥም? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው የሕግ ነጥብ አለ። ተቋሙ የሚያጠራጥር ዝውውር አይቶ ሪፖርት ካደረገ፣ ሪፖርት መደረጉን ለደንበኛው እንዳይነግር ያው አዋጅ ይከለክለዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተነገረው ወንጀለኛ ይሸሻል። ውጤቱ ግን ንጹሑም ሰው ምክንያቱን እንዳይሰማ ነው። ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሷም ምክንያቱን አታውቅም፤ በማያ ገጿ ላይ የምታየው «ለሚመለከተው ክፍል ይተላለፍ» የሚለውን ብቻ ነው። እርሷን መሳደብ የበረኛን ቤት በድንጋይ እንደ መደብደብ ነው፤ ባለ ቤቱ አይሰማም።

አያቶቻችን ይህን ሁኔታ ያውቁት ነበር፤ ደጅ መጥናት ይሉታል። ባለ ጉዳይ በመኳንንቱ ደጅ ቀናትና ወራት ቆሞ ፊቱ እስኪለመድ ይጠብቃል፤ አንድ ቀን ጌታው ሲወጡ «አቤት!» ይላል። አድካሚና አዋራጅ ነበር፤ አልናፍቀውም። ነገር ግን ያ ደጅ ሁለት ነገሮች ነበሩት። አንደኛ፣ ባለ ጉዳዩ የማን ደጅ ላይ እንደ ቆመ ያውቅ ነበር። ሁለተኛ፣ ዋስ መጥራት ይችል ነበር፤ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» የሚል አንድ የተከበረ ጎረቤት ነገሩን ይለውጥ ነበር። የዘመኑ ደጅ በር የለውም፤ ዋስም አይቀበልም። የአርብ ገበያ ሰው ሁሉ «ታማኝ ነው» ቢልላችሁ ማሽኑ የሚያስገባበት ሳጥን የለውም። ዋስ ሊሆናችሁ የሚችለው ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀት እንዴት እንደሚያዝ ልንገራችሁ።

ከእያንዳንዱ ዝውውር በኋላ የሚመጣውን አጭር መልእክት አታጥፉ፤ የግብይቱ መለያ ቁጥር ያለው በእርሱ ላይ ነው። ያለዚያ ቁጥር የሚቀርብ አቤቱታ ያለ መዝገብ ቁጥር እንደሚቀርብ ክስ ነው። በስልክ ስትነጋገሩ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተሰጣችሁን የቅሬታ ቁጥር ጻፉ፤ ሰዓቱን ስትጽፉ «ከጠዋቱ» ወይም «ከሌሊቱ» በሉ፤ የእኛ ሦስት ሰዓት ለሥርዓቱ ዘጠኝ ሰዓት ነውና። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ።

ከዚያም በጽሑፍ አመልክቱ። በየወረዳው ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች አሉን፤ ሙያቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን የእነርሱ ማመልከቻ በምስጋና ይጀምራል፣ የልጆችን ብዛት ይቆጥራል፣ በእንባ ይደመደማል፤ ለዳኛ የተጻፈ ነውና። የቅሬታ ክፍል ሠራተኛ የሚፈልገው አራት መስመር ነው። እንዲህ፦ «እኔ ስሜ እገሌ፣ በዚህ ስልክ ቁጥር የተመዘገበ ሒሳብ ባለቤት ነኝ። በዚህ ቀንና ሰዓት በመለያ ቁጥር ይህን ያህል ብር ስልክ ሒሳቤ ታግዷል። ገንዘቡ የተገኘው ከዚህ ነው፤ ማስረጃው ተያይዟል። እገዳው እንዲነሣ፣ ካልሆነም የቀረ ሰነድ ካለ ተለይቶ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።» የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ዋናዋ ናት። ምክንያቱን እንዲነግሩ ልታስገድዱ አትችሉም፤ የጎደለውን ሰነድ እንዲነግሩ ግን ልትጠይቁ ትችላላችሁ። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ቅርንጫፍ ሂዱ፤ በአንዱ ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም አስመቱ።

ለቀን ሠራተኛው ልጅ ማስረጃው ምንድን ነው? ከእርሻው ባለቤት የተጻፈ አንዲት ገጽ፤ የሠራተኞቹ ስም፣ የእያንዳንዱ ክፍያና ፊርማ። ወደ መተማ የሚወርዱ ልጆች ያላችሁ ወላጆች፣ ይህን ሥራው ሳይጀመር እንዲያስጽፉ ንገሯቸው። ለእቁብ ደግሞ ቃለ ጉባኤው በቂ ነው።

ቅርንጫፉ ዝም ካለስ? ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል፤ ተቋማት ቅሬታ የሚቀበሉበትና የሚያስተናግዱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ተቋሙን አስቀድሞ በጽሑፍ ጠይቆ መልስ ያጣ ሰው ወደ ብሔራዊ ባንክ ማመልከት ይችላል። ማኅተም የተመታባት ቅጂ የምታስፈልገው ለዚህ ነው፤ እርሷ ከሌለች «መጀመሪያ ተቋሙን ጠይቅ» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።

በመካከል የምትርቋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ሒሳባችሁ ታግዶ ሳለ በሌላ ሰው ስልክ አዲስ ከፍታችሁ ያንኑ ገንዘብ ለማዘዋወር አትሞክሩ፤ ማሽኑ ያንን ሽሽት ብሎ ይመዘግበዋል፤ ሁለተኛውም ይታገዳል። ሌላው፣ በቴሌግራም «እናስከፍትልሃለን» የሚሉትን አትመኑ። የሚስጥር ቁጥር ወይም በአጭር መልእክት የመጣ ማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅ የተቋም ሠራተኛ የለም። ሌባ የሚመጣው ሰው በተጨነቀበት ሰዓት ነው።

ስለ ርቀት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «ቅርንጫፍ ይቅረቡ» የሚለው መመሪያ ሲጻፍ ከጉና ጀርባ ያለው አገር የታሰበ አይመስለኝም። ከስማዳ ቆላ፣ ከበሽሎ ወገን ተነሥቶ ወገዳ ለመድረስ በእግርና በመኪና ቀን የሚፈጅበት ሰው አለ፤ ደርሶም «ኔትወርክ የለም» ይባላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያ ጊዜ በመተግበሪያ ብቻ የለመደ ሰው ሲቸገር፣ በኮከብ 127 መሰላል የሚገባው ሰው ድምፅ ባለበት ቦታ ሁሉ ይከፍል ነበር። ሁለቱንም መንገድ ልመዱ። ተቋማቱ ደግሞ በወረዳ ደረጃ ያለው ወኪል ቢያንስ ማመልከቻና ሰነድ ተቀብሎ ማስተላለፍ የሚችልበትን ሥልጣን ቢሰጡት፣ አንዲት አሮጊት ለፎቶ ኮፒ ብላ የሁለት ቀን መንገድ ባልሄደች ነበር። ይህን በዚህ መድረክ የምናገረው የሚመለከታቸው ተጋባዦች በአዳራሹ ስላሉ ነው።

አንድ እንግዳ አስቀድመው በጽሑፍ የላኩልኝን ጥያቄ መልሼ ወደ ውይይቱ እንለፍ። ወንድማቸው ሞቷል፤ በስልኩ ላይ ገንዘብ አለ፤ የሚስጥር ቁጥሩን ልጁ ያውቀዋል፤ ቢያወጣው ምን ችግር አለው? ይላሉ። ችግር አለው። ከሟች ሒሳብ ያለ ሥልጣን የወጣ ገንዘብ ነገ ከሌሎች ወራሾች ጋር ያካስሳል፤ ተቋሙም ባወቀ ጊዜ ያግደዋል። መንገዱ ይህ ነው፦ የሞት ምዝገባ ማስረጃ ከቀበሌ ይወጣል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 996 መሠረት የወራሽነት ማስረጃ ከወረዳ ፍርድ ቤት ይጠየቃል፤ ሁለቱ ተይዘው ለተቋሙ በጽሑፍ ይቀርባል። የስልክ ካርዱን እስከዚያ ድረስ አትጣሉት፤ ቁጥሩም ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ ለቴሌው አስቀድማችሁ አሳውቁ። ለወራሽነት ማመልከቻው ከላይ የነቀፍኋቸው ማመልከቻ ጸሐፊዎች ይበቃሉ፤ እርሱ ለዳኛ የሚጻፍ ነውና።